«ልክህን እወቅ»፦ አዋቂ ሰው ለራሱ ያለውን ግምት በምን ያስተካክላል?

ቲክቶክ ከፍቶ አስር ደቂቃ ያንሸራተተ ሰው «ሴልፍ ኢስቲምህን ከፍ አድርግ» የሚል አሰልጣኝ ሳያጋጥመው ስልኩን አይዘጋም። ምክሩ ያው ነው፣ ጠዋት ተነስተህ መስታወት ፊት ቆመህ «እኔ ምርጥ ነኝ» በል፣ ራስህን ውደድ፣ የሚያሳንሱህን ሰዎች ከህይወትህ አስወጣ ምናምን። ኮመንቱ ላይ ደሞ ሰው ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ አሜን እያለ ሼር ያደርጋል፣ ግማሹ «ይሄ የፈረንጅ ትዕቢት ነው፣ እኛ በትህትና ነው ያደግነው» ይላል። ክርክሩን ጠጋ ብሎ ላየው ግን አንዱ ስለ ድፍረት ያወራል፣ ሌላው ስለ ትዕቢት ይመልሳል፣ ዋናው ጉዳይ መሀል ላይ ማንም ሳይነካው ይቀራል። ስለዚህ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ፣ ለራስ ያለ ግምት ከየት እንደሚመጣ፣ አዋቂ ከሆኑ በኋላ የሚቀየር ከሆነም በምን እንደሚቀየር ማየት ይሻላል። (ከታች ያሉት ዓመቶች «ዓ.ም» ካልተባለ በስተቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሶስት ነገር በአንድ ስም

ሴልፍ ኢስቲምን ወደ አማርኛ ስንመልሰው ብዙ ጊዜ «በራስ መተማመን» እንለዋለን፣ መደናገሩም እዚህ ጋ ይጀምራል። በራስ መተማመን፣ ኮንፊደንስ የምንለው፣ ስለ ችሎታ ነው፦ መኪና መንዳት እችላለሁ፣ ሰው ፊት ቆሜ ማውራት እችላለሁ። ሴልፍ ኢስቲም ግን ስለ ዋጋ ነው፣ ሰው ለራሱ የሚሰጠው ግምት፦ ቻልኩም አልቻልኩም ክብር የሚገባኝ ሰው ነኝ ወይ? ሁለቱ ሁሌ አብረው አይሄዱም። መድረክ ላይ አዳራሽ ሙሉ ሰው አስቆ ቤቱ ሲገባ ያልሳቀው አንድ ሰው ፊቱ ላይ እየመጣበት እንቅልፍ የሚያጣ አለ፣ ሰው ፊት ድምጿ እየተንቀጠቀጠ «እኔ ለመድረክ አልሆንም፣ ባልሆንስ ምን ጎደለኝ» ብላ በሰላም የምትተኛም አለች።

ሶስተኛው ናርሲሲዝም ነው፣ «ከሌላው እበልጣለሁ፣ ልዩ አያያዝ ይገባኛል» የሚል ስሜት። ብዙ ሰው ናርሲሲዝም ማለት ሴልፍ ኢስቲም በዝቶ ሲፈስ ነው ብሎ ያስባል፣ ነገር ግን ምንጫቸው እንኳ የተለያየ ነው የሚመስለው። ኔዘርላንድ ውስጥ ልጆችንና ወላጆችን ተከታትሎ በ2015 የወጣ ጥናት እንዳሳየው «ልጄ ከሌሎች ልጆች ልዩ ነው» የሚል ወላጅ ወደ ናርሲሲዝም የሚያዘነብል ልጅ ነው የሚያወጣው፣ ጤናማው ለራስ ግምት ግን የሚመጣው ዝም ብሎ ፍቅር ከሚሰጥ ወላጅ ነው።

አሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት ሞሪስ ሮዘንበርግ በ1965 ያወጣው ባለ 10 ጥያቄ መለኪያ እስከዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሰራበት እሱ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ በግርድፉ «ቢያንስ ከሌሎች ጋር እኩል ዋጋ ያለኝ ሰው እንደሆንኩ ይሰማኛል ወይ» የሚል ነው። እኩል ነው የሚለው፣ እበልጣለሁ አይልም። ሮዘንበርግ ራሱም ከፍ ያለ ሴልፍ ኢስቲም ማለት «በጣም ጥሩ ነኝ» ሳይሆን «በቂ ነኝ» ማለት እንደሆነ ለይቶ ጽፏል። እኛ ጋ «ልክህን እወቅ» ሰው ለማሳነስ የሚወረወር ቃል ሆኖ ቀረ እንጂ ቃል በቃል ከተወሰደ እኮ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አይገኝም፣ ልክ ማለት ከመጠን የማይበልጥ ከመጠንም የማያንስ ነው። ራሱን ከልኩ በታች የሚያየውም ሰው ልኩን አላወቀም።

ጌጅ ነው ወይስ ሞተር?

የሞቲቬሽን ስልጠናዎቹ በሙሉ የቆሙበት አንድ ግምት አለ፦ ለራስህ ያለህ ግምት ከፍ ሲል ሌላው ነገር፣ ውጤትህም ስራህም ትዳርህም፣ ተከትሎ ይመጣል። ይሄ ግምት በመንግስት ደረጃ ተሞክሯል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጆን ቫስኮንሴሎስ የሚባል የምክር ቤት አባል በ1986 ለዚሁ ጉዳይ ኮሚቴ እንዲቋቋም አስደረገ፣ ሀሳቡም የሰውን ሴልፍ ኢስቲም ከፍ ብናደርግ ወንጀሉም የአደንዛዥ ዕጽ ሱሱም ከትምህርት መውደቁም ይቀንሳል የሚል ነበር። ሪፖርቱ በ1990 ወጣ፣ ትምህርት ቤቶችም ልጆችን በየምክንያቱ ማሞገስ ፋሽን ሆነባቸው።

ከዛ በ2003 የስነልቦና ተመራማሪው ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ እስከዛ ድረስ የተሰሩትን ጥናቶች ሰብስበው ሲያዩ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሴልፍ ኢስቲምና የትምህርት ውጤት ያላቸው ዝምድና ደካማ ነው፣ ያለውም ቢሆን በአብዛኛው ውጤቱ ቀድሞ ግምቱ ተከትሎ የሚመጣ ነው የሚመስለው፣ ጎበዝ የሆነ ተማሪ ለራሱ ጥሩ ግምት ያድርበታል እንጂ ስለተሞገሰ ብቻ ጎበዝ አይሆንም። ሁለት ነገር ግን ጸንቶላቸዋል፣ ለራሱ ጥሩ ግምት ያለው ሰው የበለጠ ደስተኛ ነው፣ ነገር ለመጀመርም አያመነታም። ከዚህ በኋላ ደሞ ክርክሩ ወደሌላኛው ጫፍ ሄዶ «ሴልፍ ኢስቲም ምንም ጥቅም የለውም» የሚሉ በዙ፣ ይሄም የተጋነነ ነው። ኡልሪሽ ኦርትና ሪቻርድ ሮቢንስ በ2022 ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶችን አይተው ጥቅሙ ትንሽ ቢሆንም እውነተኛ ነው ብለዋል፣ በስራም በጓደኝነትና በትዳርም በአእምሮ ጤናም። ሁለቱን ወገኖች አንድ ላይ ሳነባቸው ያን ያህል የተራራቁ አይመስሉኝም፣ ባውማይስተር የተቃወመው ተአምር መጠበቁን ነው፣ እነ ኦርት ደሞ ተአምር አለ አላሉም።

በኔ ግምት ነገሩን ከሁሉ በተሻለ ያስረዳው የስነልቦና ተመራማሪው ማርክ ሊሪ ነው። የሊሪ ሀሳብ ለራስ ያለ ግምት መለኪያ ነው የሚል ነው፣ ሰው ያለ ሰው መኖር የማይችል ፍጥረት ስለሆነ «ተቀባይነቴ ስንት ላይ ነው» የሚለውን ቀን ከሌት የሚያነብ ነገር ውስጡ አለ፣ ልክ እንደ መኪና የነዳጅ ጌጅ። እነ ሊሪ በ1995 ባወጡት ሙከራ አንዳንድ ሰዎች «ቡድኑ አንተን አልመረጠህም» ተባሉ፣ ሌሎቹ ደሞ «በእጣ ነው ከቡድኑ የወጣኸው» ተባሉ፣ የሁለቱም ውጤት ለብቻ መስራት ነው፣ ለራስ ያላቸው ግምት የወረደባቸው ግን ሳይመረጡ የቀሩት ናቸው። እንግዲህ ነገሩ ጌጅ ከሆነ ቀስቱን በጣት ገፍቶ ሙሉ ላይ ማድረስ ሰልባትዮው ውስጥ ነዳጅ አይጨምርም። ግን ጌጅ ይበላሻልም፣ ግማሽ ነዳጅ እያለው ባዶ የሚያነብ አለ፣ የብዙ አዋቂ ሰው ችግር ይሄኛው ነው። ልጅነት ላይ የተስተካከለበት መንገድ ነው አሁንም የሚያነበው።

«ስንተኛ ወጣህ?»

እኛ አገር ልጅ ሰኔ ላይ ካርዱን ይዞ ቤት ሲገባ የሚጠየቀው «ምን ተማርክ» ተብሎ አይደለም፣ «ስንተኛ ወጣህ» ተብሎ ነው። ካርዱም ራሱ ከ60 ተማሪ 4ኛ ብሎ ይጽፈዋል። ደረጃ ደሞ ተንኮለኛ ነገር ነው፣ አንዱ ዝቅ ካላለ ሌላው ከፍ አይልም፣ ክፍሉ በሙሉ ጎበዝ ቢሆን እንኳ 60ኛ የሚወጣ አንድ ልጅ አለ፣ አንደኛ የወጣውም ልጅ የዓመቱን እረፍት የሚያሳልፈው ቦታውን ላለመነጠቅ እየሰጋ ነው። እንዲህ 12 ዓመት የተለካ ሰው ትምህርት ሲጨርስ ሜትሩን አይጥልም። ስንተኛ ወጣህ የሚለው ቦታውን ለደሞዝ ለመኪና «መቼ ነው የምታገቢው» ለሚለው ለኢንስታግራም ላይክ ይለቃል፣ ጥያቄው ያው ነው።

ጄኒፈር ክሮከር የምትባል ተመራማሪ ዋናው ነገር ግምቱ ከፍ ማለቱ ወይ ዝቅ ማለቱ ሳይሆን ምን ላይ እንደተንጠለጠለ ነው ትላለች፣ አንዱ በትምህርት አንዱ በመልክ አንዱ በሰው አድናቆት አንዱ በእምነቱ ወይ በቤተሰቡ ፍቅር። ለሁለተኛ ዲግሪ ያመለከቱ ተማሪዎችን እየተከታተሉ ሲያዩ ተቀባይነት ያገኙ ቀን ግምታቸው ይወጣል፣ ውድቅ የተደረጉ ቀን ይወርዳል፣ መውጣት መውረዱ የሚብሰው ግን ዋጋቸውን በትምህርት ላይ ያንጠለጠሉት ላይ ነው። ታዲያ የኛን አገር ፈተና በዚህ ዓይን እዩት። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን በጀመሩበት ዙር፣ ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኝ ውስጥ 50 ከመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ ነበር፣ 3.3 ከመቶ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 ከመቶ ሆነ። ስለ ትምህርት ጥራቱ ብዙ ተብሏል፣ የሚገባው ክርክር ነው፣ ነገር ግን ለራስ ግምት በኩል ሲታይ በአንድ ጊዜ የአሰጣጡ መንገድና የማለፊያው መስመር ተቀይሮ ከ860 ሺህ የሚበልጥ ወጣት «ወደቅኩ» የሚል ስም ይዞ ቤቱ ገባ። እነዚህ ልጆች ዛሬ የሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ አዋቂዎች ናቸው። 12 ዓመት ሙሉ ዋጋህ ውጤትህ ነው ተብሎ ላደገ ሰው ይሄ የፈተና ውጤት ብቻ ሆኖ አይሰማውም።

ተመሳሳዩ ነገር በማዕረግ ላይ ይታያል። እኛ ዶክተር እገሌ ብቻ ሳይሆን ኢንጂነር እገሌ ብለን የምንጠራ ህዝብ ነን፣ ማዕረጉ ከስሙ ጋር ይሰፋል። አገር ቤት ኢንጂነር የነበረ ሰው ዋሽንግተን ሄዶ ፓርኪንግ ሲሰራ ደሞዙ ከድሮው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ግን እዛ ማንም ኢንጂነር ብሎ አይጠራውም፣ አገር ቤት ሲደውልም ስለ ስራው የሚጠይቀው ሰው ሲመጣ ወሬውን ወደ ልጆቹ ያዞረዋል። ያጣው ገንዘብ የለም፣ የተንጠለጠለበት ነገር ነው የወደቀው። ጎጆ ቤት እንኳ ምሰሶው አንድ ቢሆን ዙሪያውን የያዘው ማገርና ግድግዳ አለው።

ይሉኝታ፣ ትህትናና «የፈረንጅ ነው» የሚለው ክርክር

«ይሉኝታ» የሚለውን ቃል ፈታ አድርጋችሁ እዩት፣ «ይሉኝ» ከሚለው የወጣ ነው፣ ሰዎች ምን ይሉኛል። ሊሪ በሙከራ የደረሰበትን ነገር አማርኛ በአንድ ቃል ይዞታል። ይሉኝታ ሙሉ በሙሉ መጥፎ ነገር አይደለም፣ ይሉኝታ ቢስ ስንል መሳደባችን እኮ ነው፣ ለቅሶ የሚያስደርሰን እድር የሚያስከፍለን ከፊሉ እሱ ነው። የሚጎዳው ብቸኛው መለኪያ ሲሆን ነው፣ የማይችለውን ድግስ ተበድሮ የሚደግስ፣ አይሆንም ማለት አቅቶት ዋስ ፈርሞ ቤቱን የሚያስይዝ ሰው ጌጁን ለሰፈሩ አስረክቧል።

ትህትናን በተመለከተ ተቃዋሚዎቹ የሚሉት ነገር ውሃ ይቋጥራል፣ ግማሹ። «ጎበዝ ነሽ፣ ቆንጆ አድርገሽ ሰራሽው» ስትባል «ኧረ ምንም አላደረግኩም» የምትል ሴት ለራሷ ያላት ግምት ዝቅተኛ ነው ማለት አይደለም፣ ወጉ ነው፣ ጉርሻ ሲቀርብም እኮ መጀመሪያ በቃኝ ነው የሚባለው። ልዩነቱ የሚታየው ማንም በሌለበት ነው፣ ብቻዋን ስትሆን «ደህና ሰርቻለሁ» ካለች ትህትና ነው፣ ብቻዋንም ሆና «አጋጣሚ ነው፣ አንድ ቀን ይነቁብኛል» ካለች ሌላ ነገር ነው።

የባህል ክርክሩ በተመራማሪዎቹም መሀል አለ። በ1999 እነ ስቲቨን ሃይኔ ለራስ ጥሩ ግምት የመፈለግ ነገር የሰሜን አሜሪካ ባህል እንጂ የሰው ልጅ ሁሉ ጠባይ አይደለም፣ ጃፓኖች ይበልጥ ራሳቸውን ወደ መተቸት ነው የሚያዘነብሉት ብለው ተከራከሩ። በ2005 ደሞ ሽሚትና አሊክ የሮዘንበርግን መለኪያ በ53 አገሮች በ28 ቋንቋ ተርጉመው ሲሞክሩት በሁሉም አገር አማካዩ ከመሀለኛው ነጥብ በላይ ሆነ። አያይዘው ግን በአሉታ የተጻፉት ጥያቄዎች በየአገሩ በተለያየ መንገድ እንደሚገቡ አስጠንቅቀዋል። ከዚህ የሚገባን ስሜቱ የሁሉም ነው፣ የሚነገርበት መንገድ ይለያያል።

መስታወት ፊት የሚባለው ነገር

«ምርጥ ነኝ» ብሎ መደጋገም አፈርሜሽን ይባላል። በ2009 ጆአን ውድ የምትባል የካናዳ ተመራማሪና ባልደረቦቿ ሰዎች ስሜታቸውን እየጻፉ ደወል በጮኸ ቁጥር «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» እንዲሉ አደረጉ። ድሮም ለራሱ ጥሩ ግምት ያለው ሰው ትንሽ ተሻለው፣ ዝቅተኛ ግምት የነበረው ግን ባሰበት። ምክንያቱ ለመገመት አያስቸግርም፣ የማያምነውን ነገር ሲናገር ውስጡ ማስረጃውን እያወጣ ይከራከረዋል። በ2020 ሙከራውን የደገሙ ሌሎች ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም፣ ስለዚህ ይጎዳል ብሎ አፍ ሞልቶ መናገር አይቻልም። ለሚያስፈልገው ሰው መድሃኒት ነው የሚል ማስረጃ ግን የለም፣ ስልጠናው የሚሸጠው ደሞ ለሚያስፈልገው ሰው ነው።

«ነገ ሶስት ሰዓት ቢሮዬ እንገናኝ»

የሚሰራው ነገር ያን ያህል አያምርም፣ ለቲክቶክም አይሆንም። በምሳሌ እንየው። አንዲት አካውንታንት እንበል፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አለቃዋ ቴሌግራም ላይ «ነገ ጠዋት ሶስት ሰዓት ቢሮዬ እንገናኝ» ብሎ ላከላት። እሺ አለች፣ ሁለት ራይት ሆነ፣ አየው፣ ሌላ ምንም የለም። እራት አልወረደላትም። አራት ሰዓት ላይ ላፕቶፗን ከፍታ የወሩን የባንክ ሪኮንሲሌሽን መስመር በመስመር እያየች ነው፣ ስድስት ሰዓትም እዛው ነች። ጭንቅላቷ ውስጥ ያለው «ሊያባርረኝ ነው፣ ድሮም ለዚህ ስራ አልሆንም» የሚል ነው።

ሜላኒ ፌነል የምትባል እንግሊዛዊት ቴራፒስት ይሄን በ1997 በደንብ አስቀምጣዋለች። ከታች አንድ ድምዳሜ አለ፣ «ብቃት የለኝም» የሚል፣ ከልጅነት የመጣ። ድምዳሜው ሁሌ እንዳያሳምም ሰውየው ከላዩ ላይ ደንብ ያወጣል፣ «አንድም ስህተት ካልሰራሁ ደህና ነኝ» ይላል። ደንቡ እስከሰራ ድረስ ሁሉ ሰላም ነው፣ ሊጣስ ሲል ግን ጭንቀቱ ይመጣና ሰውየው ራሱን ለማዳን የሚያደርገው ነገር አለ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ማጣራት፣ ስብሰባ ላይ ዝም ማለት፣ ለእድገት አለማመልከት። ወጥመዱ ያለው እዚህ ጋ ነው፣ ጠዋት ምንም ባይፈጠር እንኳ «ስላጣራሁ ነው የተረፍኩት» ትላለች እንጂ «ድሮም ምንም አልነበረም» አትልም። ድምዳሜው አንድ ቀን እንኳ ሳይፈተን 35 ዓመት ይኖራል። ብዙ ስኬት ያለው ሰው ለራሱ ያለው ግምት የማይነሳው በዚህ ምክንያት ነው፣ ስኬቱ ሁሉ የሚመዘገበው ለጥንቃቄው ነው።

ከኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ (አስተሳሰብንና ድርጊትን አብሮ የሚያይ የንግግር ህክምና ነው) የሚመጣው መፍትሄ ድምዳሜውን በመፈክር መቃወም ሳይሆን እንዲፈተን ማድረግ ነው። ወረቀት ላይ ማታውኑ ትጽፋለች፦ ሊያባርረኝ ነው፣ 80 ከመቶ። ላፕቶፑን ትዘጋለች፣ ከባዱ እሱ ነው። ጠዋት አለቃዋ ኦዲተሮች ስለሚመጡ የዓመት ፈቃዷን በሁለት ሳምንት እንድታዘዋውር ነበር የፈለጋት። እሱንም እዛው ጎን ትጽፋለች። አንድ ጊዜ ምንም አይለውጥም፣ አስር አስራ አምስት ሲሞላ ግን 80 ከመቶ ከተባሉት ስንቱ እውነት እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። አንዳንዱ ደሞ እውነት ይሆናል፣ አንድ ክፍያ የተሳሳተ አካውንት ላይ ገብቶ ይገኛል። ያኔ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ «ሂሳቡ ተሳስቷል» እና «እኔ የማልረባ ነኝ» አንድ አረፍተ ነገር ናቸው ወይ?

እዚህ ላይ የስነልቦና ተመራማሪዋ ክሪስቲን ኔፍ በ2003 ያስተዋወቀችው ለራስ መራራት የሚባለው ነገር ይመጣል። ጓደኛዋ ያንን ስህተት ሰርታ ብትደውልላት የምትላትን ለራሷ ማለት ነው፣ ስህተት የሰው ሁሉ እንደሆነ እያወቁ ስሜቱን ሳያጋንኑ። ብዙ ሰው፣ በተለይ በኩርኩም ያደገ፣ ይሄ ስንፍና ያመጣል ብሎ ይፈራል፣ ስጋቱ አይናቅም። ግን በ2012 ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በተሰራ ሙከራ ከባድ የቃላት ፈተና የወደቁ ተማሪዎች ለራሳቸው እንዲራሩ ሲደረጉ ለቀጣዩ ፈተና ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ ሰጥተው ነው ያጠኑት። ራሱን የማይፈራ ሰው የወደቀበትን ወረቀት መልሶ ማየት ይችላል።

ቀሪው የምሰሶ ጉዳይ ነው፣ ለራስ ያለው ግምት አንድ ነገር ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል። የስነልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ ከ1977 ጀምሮ እንዳሳየው የእችላለሁ ስሜት ከሁሉ በላይ የሚመጣው ሰርቶ ከማየት ነው፣ ስለዚህ ከስራ ውጪ የሆነ፣ ማንም ደረጃ የማያወጣበት ነገር መጀመር ቀልድ አይደለም፣ መዘምራን ውስጥ መግባትም ይሁን ሰፈር ውስጥ ልጆች ማስጠናት። ጊዜውም አላለፈም። እነ ኦርት በ2018 ከ164 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶችን ሲሰበስቡ ለራስ ያለ ግምት እስከ 30 ዓመት በደንብ፣ ከዛም ቀስ እያለ እስከ 60 እንደሚጨምር ነው ያገኙት።

ጌጁ ልክ ሲሆን

የራስ ማሻሻል ምክሮች ትልቁ ቀዳዳ ግን ችግሩን ሁሌ ሰውየው ውስጥ መፈለጋቸው ነው። በየቀኑ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» የምትባል ሚስት፣ አረብ አገር ፓስፖርቷ ተይዞ በስሟ የማትጠራ ሰራተኛ፣ ኪራይና አስቤዛ ከደሞዙ በላይ የሆነበት አባት፣ ግምታቸው ቢወርድ መለኪያው አልተበላሸም፣ ያለውን ነው ያነበበው። እንዲህ ያለ ቦታ ላለ ሰው ወረቀትና ፐርሰንት ከመስጠት በፊት የሚቀድመው ከዛ ቤት መውጫው፣ የሚያምነው አንድ ሰው፣ የሚከራከርለት አካል ነው።

ሌላው ደሞ ድብርት ነው። «አልረባም» የሚለው ስሜት ከድብርት ምልክቶች አንዱ ስለሆነ ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉ። ስሜቱ ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ ሳይለቅ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ድሮ ደስ የሚል ነገር ሁሉ ጣዕም ካጣ፣ ወይ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሀሳብ ከመጣ ጉዳዩ የሞቲቬሽን ቪዲዮ አይደለም። አዲስ አበባ ያለ ሰው አማኑኤል ሆስፒታልን ያውቀዋል፣ ስሙን ፈርቶ የሚቀር ግን ብዙ ነው። የአእምሮ ህክምና የሚሰጡ ሌሎች ሆስፒታሎችም ስላሉ ሰፈር ካለው ጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎለት መሄድ ይችላል። «ባልኖር ይሻላል» የሚለው ሀሳብ የመጣበት ሰው ግን ወረፋም ሪፈርም ሳይጠብቅ የዛኑ ቀን አንድ ሰው አስከትሎ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።